ሽቦውን ከማቀዝቀዣ አውጡት፦ በሙቀት ስለሚነቃ ሽቦ ለተጻፉት ሰባት ሕጎች የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ ወጣት ሐኪም ለታካሚዋ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ልትቀይር ስትነሳ መሳቢያውን አልከፈተችም። በቀጥታ ወደ መድኃኒት ማቀዝቀዣው ሄደች። «ምን ልታመጪ ነው?» ስላት «ሽቦውን» አለችኝ። ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ስጠይቃት ስልኳን አውጥታ አንድ ጽሑፍ አሳየችኝ። ያንኑ ጽሑፍ ከዚያ በፊት ሦስት ሰዎች ልከውልኝ ሳላነበው አልፌው ነበር። ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም፤ ከአጻጻፋቸው ግን ከታካሚ ወንበር አጠገብ ብዙ ዓመት የቆሙ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ቋንቋቸው ግልጽ ነው፤ ሐሳባቸውም ቅን ነው። ችግሩ ከሰባቱ ሕጎቻቸው አብዛኞቹ የተሳሳቱ መሆናቸው ነው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በታካሚ አፍ ውስጥ ጉዳት ያደርሳሉ።

በእሳቸው ቃል ላይ እንዳልጨምር እየተጠነቀቅኩ ላሳጥራቸው። ኒኬል-ታይታኒየም ሽቦ ሁሉ ሙቀት ስለሚሰማው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ። አውቶክሌቭ (ዕቃ በእንፋሎት ሙቀት የሚመከንበት መሣሪያ) ውስጥ አይግባ፤ «ትዝታው» ይጠፋልና። የሽቦው ጫፍ በእሳት ነበልባል ፈጽሞ አይነካ። ሽቦው ሲቀዘቅዝ ስለሚለሰልስ በማቀዝቀዣ ስፕሬይ ነፍቶ የቱንም ያህል ከመስመር የወጣ ጥርስ ላይ ማሰር ይቻላል። ታካሚው ጥርሱ ቶሎ እንዲሄድለት በቀን ብዙ ጊዜ በሙቅ ውሃ ይጉመጥመጥ፤ ቀዝቃዛ ነገር ይተው። ከ27፣ ከ35 እና ከ40 ዲግሪ ሽቦዎች 40ው ከሁሉም የዋህ ስለሆነ ለሁሉም ይመረጥ። በመጨረሻም ይህ ሽቦ ከሌሎቹ ፈጥኖና ያለ ሕመም ጥርስ ስለሚያስተካክል ቀጠሮን እስከ አራት ወር ማራቅ ይቻላል።

የሰባቱም ሥር አንድ ነው፤ ጸሐፊው «ሙቀት» የሚለውን ቃል ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ተጠቅመውበታል። ስለዚህ መልሱን ከመጀመሬ በፊት ሁለቱን ሙቀቶች ልለያቸው።

ኒኬልና ታይታኒየም በአተም ቁጥር እኩል በእኩል ገደማ ሲዋሐዱ (በክብደት ኒኬሉ 55 በመቶ አካባቢ ይሆናል) የሚገኘው ብረት ሁለት መልክ አለው። ሞቅ ሲል አተሞቹ በኩብ ሥርዓት ይሰለፋሉ፤ ይህ ኦስቴናይት ነው፤ ጠንከር ያለና ወደ ቅርጹ ተመላሽ። ቀዝቀዝ ሲል ሰልፉ ዘመም ይላል፤ ይህ ማርቴንሳይት ነው፤ ለስላሳና ታዛዥ። ፓኬቱ ላይ የታተመው 27 ወይም 35 ሽቦው እየሞቀ ሄዶ ለውጡን ጨርሶ ሙሉ በሙሉ ኦስቴናይት የሚሆንበት ዲግሪ ነው። ይህ ለውጥ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። ሺህ ጊዜ ብታቀዘቅዙትና ብታሞቁት አተሞቹ ዘመም ይላሉ፣ ቀና ይላሉ፤ አንዳቸውም ጎረቤታቸውን ለቀው አይሄዱም።

ሁለተኛው ሙቀት ሌላ ዓለም ነው። ፋብሪካው ሽቦውን በጥርስ ቅስት ቅርጽ ቀፍድዶ ወደ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲያሞቀው ሽቦው ያንን ቅርጽ ይማራል። ከዚያ በላይ ሲግል ወይም በዚያ ሙቀት ላይ ብዙ ሲቆይ ደግሞ ብረቱ ይላላል፤ ተመላሽነቱን ያጣና እንደ ተራ ለስላሳ ሽቦ ይሆናል። ይህ የማይመለስ ነው። በአፍ ሙቀትና በዚህ መካከል ያለው ርቀት በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ነው። ጸሐፊው ግን በመጀመሪያው ሙቀት የሚሆነውን እያዩ የሁለተኛውን አደጋ ፈርተዋል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው።

አሁን ወደ ማቀዝቀዣው። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሽቦ ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆን 45 ምንም አይሆንም። በሞቃት ክፍል ሽቦው ኦስቴናይት ሆኖ ይቆያል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ በከፊል ይለሰልሳል፤ ጠዋት ይመለሳል። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ማቀዝቀዣው ለሥራው ይረዳል የሚል ካለም ልክ አይደለም፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ሽቦ ከማቀዝቀዣው እስከ ታካሚው ወንበር በምትራመዱበት ጊዜ በጓንት ውስጥ ሞቆ ያበቃል። አንድ ነገር ግን ልመንላቸው። በጣም ሞቃት ክፍል ውስጥ የ35 ዲግሪ ሽቦ ገና አፍ ሳይገባ ስለሚነቃ ከእጅ ያመልጣል፣ ይወረወራል፤ «ሽቦው ዛሬ አስቸገረኝ» የሚሉት ሰዎች አልተሳሳቱም። መፍትሔው ግን በሚታሰርበት ቅጽበት ማቀዝቀዝ ነው፤ ለወራት ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት አይደለም።

የአውቶክሌቩም ነገር ከዚሁ የተለየ አይደለም። አውቶክሌቭ በ121 ወይም በ134 ዲግሪ ይሠራል። ለባክቴሪያ ሞት ነው፤ ቅርጹን በ500 ዲግሪ ለተማረ ብረት ግን ሞቅ ያለ ቀን ነው። ይህን ስል ከአንድ ታካሚ አፍ የወጣ ሽቦ ታጥቦና ተቀቅሎ ለሌላ ይታሰር ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። አፍ ውስጥ የከረመ ሽቦ ገጹ ተቧጭሯል፣ በማኘክ ብዛት ደክሟል፣ ቆሻሻ ተጋግሮበታል፤ ፋብሪካውም ለአንድ ጊዜ ብቻ ብሎ ነው የሸጠው። ጸሐፊው «ያገለገለ ሽቦ ቀቅላችሁ አትመልሱ» ሲሉ ድምዳሜያቸው ትክክል ነው። ምክንያታቸው ነው የተሳሳተው። የተሳሳተ ምክንያት ደግሞ ነገ ሌላ ስህተት ይወልዳል፤ ሽቦ የተያዘበትን ፒንሳ እንኳ አውቶክሌቭ ለማስገባት የሚያመነታ ሰው አይቻለሁ።

«ኒኬል-ታይታኒየም ሁሉ ሙቀት ይሰማዋል» ለሚለው መነሻቸው ታሪኩ ራሱ መልስ አለው። ብረቱን ያገኘው ዊልያም ቢውለር የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ላቦራቶሪ ተመራማሪ ነው፤ ናይቲኖል የሚለው ስም ራሱ ከኒኬል፣ ከታይታኒየምና ከላቦራቶሪው ስም የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ስብሰባ ላይ ታጥፎ የነበረ ቁራጭ ብረት በፒፓ መለኮሻ ሲሞቅ በተሰብሳቢው ፊት ተዘረጋ፤ የቅርጽ ትዝታው የታወቀው በዚያ ጊዜ ነው። ብረቱን ወደ ጥርስ ማስተካከል ያመጣው ደግሞ የአይዋ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ አንድሪያሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ። ቀልዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የጥርስ ናይቲኖል በቀዝቃዛው ተስቦ የጠነከረ ስለነበር በአፍ ሙቀት የሚነቃ ባሕርይ አልነበረውም። ተለጣጭነቱ ብቻ ነበር የተፈለገው። ከፍተኛ ተመላሽነት ያላቸው የቻይናና የጃፓን ሽቦዎች የተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1986 በተመራማሪዎቹ በበርስቶንና በሚዩራ ጽሑፎች ሲሆን፣ መዳብ ተጨምሮባቸው በ27፣ በ35 እና በ40 ዲግሪ የተለዩት የመጡት በ1990ዎቹ ነው። ስለዚህ መሳቢያችን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ኒኬል-ታይታኒየም አለ፤ ለአንዱ የተጻፈ ሕግ ለሌላው አይሠራም።

ነበልባሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጸሐፊው ከሁሉም በላይ ለእውነት የቀረቡት እዚህ ነውና። ስሕተት ሠርቼ የማውቀውም እኔው ነኝ።

ኒኬል-ታይታኒየም ሽቦ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ላይ ከተለጠፈው ቱቦ ጀርባ የሚተርፈው ጫፉ አይታጠፍም፤ ብታጥፉትም ቀና ብሎ ይመለሳል። ያልታጠፈ ሽቦ ደግሞ በማኘክ ብዛት ወደ አንድ ወገን እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ በአንዱ በኩል ከቱቦው ይወጣል፤ በሌላው በኩል ጉንጭ ይወጋል። ይህን ለመከላከል ከጥንት ጀምሮ የሚደረገው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሚሊ ሜትሮች በነበልባል አግሎ ማላላት፣ ከዚያ ከቱቦው ጀርባ ማጠፍ ነው። ማለትም ሁለተኛውን ሙቀት፣ የማይመለሰውን፣ ሆን ብሎ ትንሽ ቦታ ላይ መጠቀም። ጸሐፊው «ነበልባል ሽቦውን ይገድላል» ሲሉ እውነት ነው፤ ለዚያ ነው የምንጠቀምበት። ጫፉ እንዲሞት እንፈልጋለን።

አደጋው ሞቱ ከጫፉ አልፎ ሲሄድ ነው። ተማሪ ሳለሁ ቸኩዬ አንድ የታች ሽቦ ጫፉን ረዘም ላለ ጊዜ ነበልባል ላይ ያዝኩት። ሲግል አየሁት፣ ደስ አለኝ፣ አሰርኩት። ታካሚዋ ከስድስት ሳምንት በኋላ ስትመጣ ሽቦው በመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስና ከፊቱ ባለው ጥርስ መካከል ጎብጦ ነበር፤ መንጋጋ ጥርሱም ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ብሏል። ሙቀቱ በሽቦው ላይ ተጉዞ ከቱቦው ፊት ያለውን ክፍል አላልቶት ኖሯል። አለቃዬ ሽቦውን አውጥተው በሁለት ጣታቸው አጠፉት፤ እንደታጠፈ ቀረ። ምንም አልተናገሩኝም፤ ሽቦውን ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው። ሽቦውን አፍ ውስጥ ለክቼ ምልክት አደርግበታለሁ፤ አወጣዋለሁ፤ ከምልክቱ ወደ ውስጥ በኩል በወፍራም ፒንሳ እይዘዋለሁ። ፒንሳው ሙቀቱን እየመጠጠ አላሳልፍም ይላል። ከፒንሳው ውጭ የቀረውን ጫፍ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ብቻ አሳየዋለሁ፤ ነጭ እስኪሆን ግን አላቆየውም፣ ብዙ የጋለው ይሰባበራልና። ይቀዘቅዛል፤ ይገባል፤ ይታጠፋል። ነበልባል አፍ ውስጥ አይገባም፤ ይህን መጻፍ አስፈላጊ ባይሆን ደስ ባለኝ ነበር። እሳት የማይወድ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፤ ሽቦው ላይ የሚጨመቅ ትንሽ ማቆሚያ ቱቦ በሁለት ብራኬቶች (ጥርስ ላይ የሚለጠፉ የሽቦ መያዣዎች) መካከል ማድረግ፣ ወይም ጫፉ ላይ ጠብታ የጥርስ መሙያ ማድረቅ። የ«ፈጽሞ» ሕግ ግን አንድ ሙያ ያጠፋል፤ የተወጋ ጉንጭም ያበዛል። ሚዩራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ኤሌክትሪክ በቀጥታ በሽቦው ውስጥ እያሳለፉ ሽቦውን አግለው አዲስ ቅርጽ ማስተማር እንደሚቻል ጽፈዋል፤ ሙቀት ለሚያውቅበት ሰው መሣሪያ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበኝ። ቀዝቅዞ የለሰለሰ ሽቦ የቱንም ያህል የወጣ ጥርስ ላይ ይታሰራል የሚለው።

ይታሰራል፤ እውነት ነው። ጥያቄው ከታሰረ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ሽቦው በደቂቃ ውስጥ የአፍን ሙቀት ይይዛል፣ ይነቃል፣ ወደ ቅርጹ መመለስ ይጀምራል። ከመስመር የወጣውን ጥርስ ሲጎትት ጎረቤቶቹን በተቃራኒው ይገፋል፤ ይህን የትኛውም ትዝታ ያለው ብረት አይሽረውም። ከድድ በላይ ከፍ ብሎ የቀረ ክራንቻ ላይ ሙሉ በሙሉ ከታሰረ ክራንቻው ይወርዳል፤ ነገር ግን ከጎኑ ያለው የፊት ጥርስ ወደ ላይ ይሳባል፣ የፊት ጥርሶቹ መስመርም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ታካሚው ክራንቻው ወረደ ብሎ ሲደሰት እናንተ አዲስ የሥራ ወራት ገዝታችኋል።

ሁለተኛው ነገር የብረቱ ወሰን ነው። ጸሐፊው «አይሰበርም፣ ተጣሞ አይቀርም» ብለዋል። ይህ ብረት እስከ 8 በመቶ ገደማ ተለጥጦ ሊመለስ ይችላል፤ ተራው የማይዝግ ብረት ግማሽ በመቶ ሳይደርስ እጁን ይሰጣል፤ ልዩነቱ ግዙፍ ነው፤ ገደብ የለሽ ግን አይደለም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የሽቦውን ውፍረት ለእጥፋቱ ራዲየስ እጥፍ አካፍሉ። የ0.016 ኢንች ሽቦ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ወፍራም ነው። ይህን ሽቦ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ባነሰ ራዲየስ ካጠፋችሁት ውጪኛው ጎኑ 8 በመቶውን አልፏል። ቀዝቅዞ ማርቴንሳይት ቢሆንም ያው ነው፤ እንዲያውም ሲለሰልስ አጥብቆ ማጠፍ እየቀለለ ስለሚሄድ ወሰኑን ማለፋችሁን ጣታችሁ አይነግራችሁም። የብራኬቶቹ ርቀት ጠባብ በሆነበት የታች የፊት ጥርሶች ላይ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሽቦው ሲወጣ መሐሉ ላይ የማትመለስ ትንሽ እጥፋት ትታያለች፤ ጥርሱም ያችን እጥፋት ተከትሎ ተሰልፏል።

ሦስተኛው ነገር የሽቦው ዋና ጥቅም ራሱ ነው። ቀላልና ወጥ ኃይል የሚሰጠው በቂ ያህል ሲጎብጥ፣ ጭንቀቱ (ብረቱ ላይ ያረፈው ጫና) በራሱ ማርቴንሳይት ሲፈጥር ነው። ጥቂት ብቻ ከጎበጠ እንደ ማንኛውም ስፕሪንግ ይሠራል። በጣም ብዙ ከጎበጠና ብራኬቱ ውስጥ ከተቀረቀረ ደግሞ ሰበቃው ይይዘዋል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የተለካው ለስላሳ ኃይል ጥርሱ ጋ አይደርስም። የጥርስ ሕመምተኛ አፍ ሽቦ በላቦራቶሪ ከሚጎብጥበት የሦስት ነጥብ መታጠፊያ መለኪያ ጋር አይመሳሰልም።

እኔ ምን አደርጋለሁ? እንዲህ ያለውን ጥርስ መጀመሪያ ቦታ አስከፍትለታለሁ። ካሰርኩትም በቀጭን ብረት ማሰሪያ በከፊል፣ ሽቦው ወደ ብራኬቱ ቀስ እያለ እንዲጠጋ፤ ወይም ጠንከር ያለ ዋና ሽቦ ይዤ ከላዩ ቀጭን የሙቀት ሽቦ ደርቤ። ስፕሬዩንም እጠቀምበታለሁ፤ ጸሐፊው ይህን ማስተዋወቃቸው መልካም ነው። አንድ ነገር ግን ሳይጽፉ ቀርተዋል። የስፕሬዩ ፈሳሽ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ ነው፤ ድድና ከንፈር ላይ በቀጥታ ከተረጨ ያቃጥላል፤ ጥርስ ላይ ከተረጨ ታካሚው ከወንበሩ ይነሳል። ትንሽ ጥጥ ላይ ነፍታችሁ ጥጡን የሚታሰረው የሽቦ ክፍል ላይ ብቻ አስነኩት። ያላችሁ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ማሰሪያው አስቀድሞ በእጃችሁ ይሁን።

የሙቅ ውሃው ሕግ ከሁሉም ይበልጥ ተገላብጦብኛል። ጸሐፊው እንዲህ ያስባሉ፤ ሽቦው ሲሞቅ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ባሞቅነው ቁጥር ይሠራል፤ ባቀዘቀዝነው ቁጥር ያርፋል። ለመጀመሪያ ዓይን ትክክል ይመስላል። በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት ለውጡን ለማምጣት የሚያስፈልገው ጭንቀት ከ6 እስከ 7 ሜጋ ፓስካል ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ አፍ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ኃይሉ በእርግጥ ይጨምራል። ነገር ግን ይህ ብረት የሄደበትን መንገድ ተከትሎ አይመለስም። ሲጫን የሚወስደው ኃይል ሲለቅ ከሚሰጠው ይበልጣል፤ በሁለቱ መካከል ክፍተት አለ። ገና የታሰረ፣ መልቀቅ ያልጀመረ ሽቦ በሚጫንበት መንገድ ላይ ነው። እሱን ለጊዜው ስታሞቁት ኃይሉ ከፍ ይላል፤ አፍ ሲበርድ ወደነበረበት ይወርዳል። ስታቀዘቅዙት ግን ኃይሉ ይወርዳል፤ አፍ ወደ ሙቀቱ ሲመለስ ኃይሉ ያንን ክፍተት መሻገር ስላለበት ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ዝቅ እንዳለ ይቆያል። በላቦራቶሪ ሲለካ የታየውም ይኸው ነው። ማለትም ገና በታሰረ ሽቦ ላይ ሙቅ ውሃ አላፊ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ግን ጉልበቱ ከጉንጩ ከወጣ በኋላም ይቀጥላል።

በተግባር ይህ ምን ይነግረናል? ሽቦ በተቀየረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመም ሲበረታ (ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይጀምራል፤ በ24 ሰዓት አካባቢ ይከፋል፤ በሳምንት ውስጥ ይለቃል) ለታካሚው በእጁ ያለ ማስታገሻ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ጸሐፊው የከለከሉት እሱን ነው። ሙቅ ጉምጥምጥ ደግሞ ያንኑ ሕመም ለጥቂት ደቂቃ ያባብሳል፤ በተለይ ሽቦው ገና በተጫነበት ሰዓት። ለፍጥነቱ ቢሆን እንኳ ጥርስ የሚሄደው በአጥንት ውስጥ ነው፤ አጥንት ደግሞ ኃይል ሲበዛበት መንገድ አይከፍትም። ጥርሱን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ከመጠን በላይ ሲጨመቅ ደም ይቋረጥበታል፣ ያ ቦታ ይሞታል፣ ጥርሱም ቆሻሻው እስኪጠረግ ቆሞ ይጠብቃል። ኃይል ሲጨምር እንቅስቃሴ በዚያው ልክ ይጨምራል የሚለው እምነት ከሽቦው ዕድሜ በላይ ያረጀ ስሕተት ነው።

ወደ 40 ዲግሪው እለፍ። አፍ ሲያርፍ ከ33 እስከ 37 ዲግሪ ባለው መካከል ይኖራል፤ ፊት ያለው ከኋላው ትንሽ ይቀዘቅዛል፤ በአፉ የሚተነፍስ ሰው ደግሞ ፊቱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ለውጡን በ40 የሚጨርስ ሽቦ እንግዲህ አብዛኛውን ቀን ሙሉ በሙሉ አልነቃም። ድዱ ለታመመና አጥንቱ ለሳሳ ሰው ይህ ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ጤነኛ አጥንት ላለው ወጣት ግን ብዙ ጊዜ ተኝቶ የሚውል ሽቦ ማሰር ነው። የዋህነት የሚፈለግ ከሆነ ከዲግሪው በፊት ውፍረቱን ተመልከቱ። የክብ ሽቦ ጥንካሬ ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ይጨምራል፤ ከ0.014 ወደ 0.018 ኢንች ስትሸጋገሩ 2.7 እጥፍ ይሆናል። ጽሑፉ ውስጥ ስለ ውፍረት አንድ መስመር የለም። ፓኬቱ ላይ ያለው ዲግሪም ባልተጫነ ሽቦ ላይ የተለካ ነው፤ የጎበጠ ሽቦ በጭንቀቱ ምክንያት ለውጡን ከፍ ባለ ሙቀት ነው የሚያደርገው። የኦርቶዶንቲክስ ሽቦዎች ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ አይኤስኦ 15841፣ ተመላሽ ሽቦዎች በ36 ዲግሪ እየጎበጡ እንዲለኩ የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። አምራቹን ስለ ዲግሪ ብቻ ሳይሆን በዚያ ሙቀት ሲለቅ ስለሚሰጠው ኃይል ጠይቁት።

ስለ ፍጥነትና ሕመም ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታደሰው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ የመጀመሪያ ሽቦዎችን አነጻጽሮ አንዱ ዓይነት ከሌላው ፈጥኖ ያስተካክላል ወይም ያነሰ ያሳምማል ለማለት የሚያበቃ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም። ይህ ማለት የሙቀት ሽቦ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ እኔ ራሴ በየቀኑ አስረዋለሁ። አራት ማዕዘን ሽቦ ገና በሕክምናው መጀመሪያ ያለ ትግል ማስገባት መቻል ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ታካሚን «ይህኛው አያምም» ብሎ ማሰር በማግስቱ ስልክ ያስደውላል።

አራት ወር የሚለውም የሽቦውን ትዕግሥት እንጂ የቀረውን አላሰበም። ሽቦው በአራት ወር አይደክም ይሆናል። ብራኬት ግን በሁለተኛው ሳምንት ይነቀላል፤ ታካሚው ካልታመመ አይናገርም። ከዚያ ወዲያ ሽቦው የተነቀለበትን ጥርስ ትቶ የጎረቤቶቹን ቦታ በትጋት ያበላሻል፤ ትዝታው ጥሩ ስለሆነ ብቻ። ቦታ በሌለበት ቅስት ውስጥ ደግሞ ይህ ሽቦ የሚያውቀው የፋብሪካውን ቅርጽ እንጂ የታካሚውን አይደለም፤ የፊት ጥርሶችን ወደ ከንፈር እያጋደለ ነው የሚያስተካክለው። ይህን በስድስትና በስምንት ሳምንት ያየ ሰው ያቆመዋል። በአራት ወር የሚያይ ሰው ፎቶ ያነሳዋል።

ጽሑፉ ግርጌ ላይ ስለ ኒኬል አለርጂ የሰፈረችው ማስጠንቀቂያ ተገቢ ናት፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምርባት። የማይዝግ ብረት ሽቦም ኒኬል አለው፤ ስለዚህ አለርጂው ለተረጋገጠበት ሰው መሸሻው ኒኬል የሌለበት የታይታኒየምና የሞሊብዲነም ሽቦ ነው። የሽቦውን ገጽ የሚጠብቀውን የታይታኒየም ኦክሳይድ ሽፋን የሚጎዳው ደግሞ ከሙቀት ይልቅ አሲድነት ያለው የፍሎራይድ ጄል ነው። ጄሉን የምታዝዙ ከሆነ ስለ ማቀዝቀዣው ከመጨነቅ በፊት እሱን አስቡበት።

ወጣቷ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ ሽቦዎቹን ከማቀዝቀዣ አወጣች። ፓኬቶቹ በእርጥበት ረጥበው ነበር። ሁለቱ ላይ ቀለሙ ፈስሶ 27 ይሁን 35 መለየት አቃተን፤ ብርጭቆ ሞቅ ያለ ውሃ አምጥታ እየነከረች ስትሞክር ቆየች፤ በመጨረሻ ሁለቱንም ጣልናቸው።